የሚመላለስ ሕመምና የሚደጋገም ጸሎት

መስቀል ፍላወር ከጎረቤቶቹ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ጋር በአዲስ አበባ እምብርት የሚገኝ፣ ሁለት የጊዜ ሥርዓቶች ጎን ለጎን የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በአንድ በኩል ሆቴሉ፣ ካፌው፣ ጭፈራ ቤቱና ጫት ቤቱ ሌሊቱን ከቀኑ ጋር ሲያጋጥሙት፣ በሌላ በኩል የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን የወሰደበት የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የኪዳን ጸሎት ንጋቱን ያስታውቃል፤ የመስጊዶቹ አዛንም ቀኑን በአምስት ይከፍለዋል። ሰው ከሁለቱ በየትኛው ሥርዓት እንደሚኖር ለብዙዎች የምርጫ ወይም የልማድ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ የባይፖላር ሕመም ላለበት ሰው ግን በሰዓቱ መተኛትና በሰዓቱ መነሣት ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ጤናውን የሚጠብቅለት ነገር ስለሆነ፣ ጸሎትና አምልኮ ከዚህ ሕመም ጋር ያላቸው ግንኙነት ሊመረመር የሚገባው ከዚሁ ተነሥቶ ነው።

ባይፖላር፣ ማለትም የሁለት ጽንፍ የስሜት መዋዠቅ ሕመም፣ የሰውን ስሜት፣ ጉልበት፣ እንቅልፍና የማሰብ ፍጥነት ለሳምንታት ወይም ለወራት ወደ ተቃራኒ ዳርቻዎች የሚገፋ የአእምሮ ሕመም ነው። ማንያ በሚባለው የከፍታ ወቅት ሕመምተኛው ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም አይሰማውም፤ ንግግሩ ይበዛል፣ አንዱን ሐሳብ ሳይጨርስ ሌላው ይቀድመዋል፣ ያለውን ገንዘብ ይበትናል፣ ከቁጣ ወደ ሳቅ በቅጽበት ይሻገራል፤ አንዳንዱም ነቢይ፣ ንጉሥ ወይም ልዩ ተልእኮ የተሰጠው ሰው እንደሆነ በፍጹም እርግጠኝነት ይናገራል። ይህ ሁኔታ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ከዘለቀ፣ ወይም ከዚያም በፊት ሆስፒታል የሚያስተኛ ከሆነ፣ ማንያ ይባላል፤ ቀለል ያለውና ለጥቂት ቀናት የሚቆየው ደግሞ ሃይፖማንያ ይባላል። በሌላው ጽንፍ የሚገኘው ድብርት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሚቆይ፣ ከአልጋ መነሣትን፣ መብላትን፣ ከሰው መነጋገርን የሚያከብድና ሕይወትን እስከማስጠላት የሚደርስ ነው። በሁለቱ ጽንፎች መካከል ግን ሰውየው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ሙሉ ጤናማ ሆኖ ሊሠራ፣ ሊማርና ቤተሰብ ሊመራ ይችላል። ሕመሙን ለመረዳት የሚያስቸግረውም፣ ስለ እርሱ ለሚነገሩ ብዙ ስሕተቶች መነሻ የሚሆነውም ይህ መመላለሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባይፖላር ያለባቸውን ሰዎች ቁጥር 40 ሚሊዮን አድርሶታል። ሕመሙ የሩቅ አገር ወይም የሠለጠነ ኑሮ ሕመም እንዳልሆነ ደግሞ ከኢትዮጵያ የገጠር ጥናት በላይ የሚያስረዳ የለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በቡታጅራና በዙሪያዋ፣ የኢትዮጵያ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት በመጠየቅ ባደረጉት ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው የባይፖላር ሕመም የገጠማቸው ከ1,000 ሰው 5 ያህል መሆናቸውን ደርሰውበታል። ይህ ቁጥር በሌሎች አገሮች ከተገኘው ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች በሚኖረው የዛይ ማኅበረሰብ ውስጥ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከዚህ ከፍ ያለ፣ ወደ ሁለት በመቶ የሚጠጋ ውጤት አግኝቷል። ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ይኸውም ትምህርት የሚጨረስበት፣ ሥራ የሚያዝበትና ትዳር የሚታሰብበት ጊዜ በመሆኑ ጉዳቱ ከሕመምተኛው አልፎ የቤተሰቡን ተስፋ ይመታል።

ልጁ በድንገት እንቅልፍ አጥቶ፣ ያለማቋረጥ እየተናገረ፣ ልብሱንና ገንዘቡን ለመንገደኛ ሲያድል ያየ ቤተሰብ ነገሩን በሚያውቀው ቋንቋ ይተረጉመዋል። ልክፍት፣ ዛር፣ ጅኒ፣ መተት፣ የቡዳ ዓይን የሚሉት ማብራሪያዎች የሚመጡት ከድንቁርና ብቻ አይደለም። እነዚህ ማብራሪያዎች ለማይገለጽ ነገር ስም፣ ለጭንቀትም መሄጃ ይሰጣሉና፣ መሄጃውም በክርስቲያኑ ዘንድ በአብዛኛው ጸበል ነው። ከመስቀል ፍላወር የተነሣ ቤተሰብ ቅርብ ቢፈልግ ወደ እንጦጦ ይወጣል፤ ርቆ መሄድ ቢፈልግ በሰሜን ሸዋ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም ይሄዳል፤ እዚያም ለሳምንታት ሱባኤ ይዞ ይቀመጣል። ሙስሊሙ ቁርኣን ወደሚያስቀራበት፣ ፕሮቴስታንቱ ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳል። በእነዚህ ስፍራዎች ሕመምተኛው የሚያገኘው ነገር ብዙ ነው። የሚያጠምቀው ካህን በስሙ ይጠራዋል፤ ከጎኑ የተኙ ሌሎች ሕመምተኞች አይሸሹትም፤ ቤተሰቡም ከሰፈር ሐሜት ርቆ ያርፋል። ይህን ሁሉ እንደ ከንቱ የሚቆጥር የጤና ባለሙያ ሕመምተኛው ወደ እርሱ ሳይደርስ በፊት ምን ይዞት እንደቆየ አልተረዳም ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ሕመሙ ራሱ በሚከተለው አካሄድ ነው። ማንያ ምንም ሕክምና ባያገኝ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ በራሱ ይበርዳል፤ ድብርትም ከዚያ ዘግይቶ ቢሆንም ይለቅቃል። ስለዚህ በሕመሙ ከፍታ ጸበል የገባ ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ሲረጋጋ፣ እንቅልፉ ሲመለስ፣ ለእናቱም ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ቤተሰቡ ልጁ ተፈወሰ ብሎ ማመኑ ተፈጥሯዊ ነው። ምስክርነት ይሰጣል፣ ስለት ይገባል፤ መድኃኒት ጀምሮ ከነበረም መድኃኒቱ ይጣላል። ከስድስት ወር ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ግን የተፈወሰው ሰው እንዴት ታመመ የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም በአብዛኛው የሚወድቀው በሕመምተኛው ላይ ነው። እምነቱ ጎደለ፣ ኃጢአት ሠራ፣ ሥርዓቱን አፈረሰ ይባላል። በድብርት ውስጥ ያለ ሰው ራሱን አስቀድሞ ጥፋተኛ አድርጎ ይቆጥራልና፣ ይህን ፍርድ ከሚያከብራቸው ሰዎች አፍ ሲሰማ ሞትን እንደ ፍትሕ ሊያየው ይችላል። ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋት አደጋቸው ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ በመሆኑ ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ለሁልጊዜ ይፈውሳል ተብሎ የሚጠበቅ ሃይማኖታዊ ልምምድ ለሚመላለስ ሕመም አይመጥንም። የሚመጥነው ራሱም የሚደጋገም፣ መታደስን እንጂ ፍጻሜን የማይጠብቅ ልምምድ ነው። ይህን ሐሳብ በግልጽ ለማየት ከኢትዮጵያ እጅግ የራቀ አንድ ሃይማኖት ይረዳል።

ሺንቶ የጃፓን ጥንታዊ ሃይማኖት ነው። አንድ መሥራች የለውም፤ ትኩረቱም በተራራ፣ በወንዝ፣ በዛፍና በአባቶች መታሰቢያ ውስጥ አሉ ለሚባሉ፣ ካሚ ተብለው ለሚጠሩ መንፈሳውያን ኃይላት በሚቀርብ አምልኮ ላይ ነው። ከልምምዶቹ ዋነኛው መንጻት ሲሆን፣ በወንዝ፣ በባሕር ወይም በፏፏቴ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በጸሎት መቆም ሚሶጊ ይባላል፤ በሚዬ አውራጃ በሱዙካ ከተማ የሚገኘው የጹባኪ መቅደስ በዚህ ሥርዓት የታወቀ ነው። የልምምዱ መነሻ በ712 እ.ኤ.አ. በተጠናቀረው ኮጂኪ በተባለው መጽሐፍ ይተረካል፤ ኢዛናጊ የተባለው አምላክ የሞተች ሚስቱን ፍለጋ ወደ ሙታን ምድር ወርዶ ከተመለሰ በኋላ በወንዝ ሲታጠብ፣ ከዓይኑ የፀሐይዋ አምላክ አማቴራሱ፣ ከአፍንጫውም ሱሳኖኦ የሚባለው የማዕበል አምላክ ተወለዱ ይላል።

የሱሳኖኦ ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የቀረበ ነው። ተራሮች እስኪደርቁ ድረስ አለቀሰ፤ ቀጥሎ በድንፋታ የእህቱን የሩዝ ማሳ አጠፋ፤ አማቴራሱ ፈርታ ዋሻ ውስጥ ስትደበቅ ዓለም ጨለመ። አማልክቱ ከዋሻው ያወጧት በኃይል ጎትተው አይደለም፤ በደጁ ተሰብስበው እየጨፈሩና እየሳቁ፣ መስተዋትም ይዘው ጠበቋት እንጂ። ሱሳኖኦም ተባረረ እንጂ አልጠፋም፤ በኢዙሞ ምድር ስምንት ራስ ያለውን ዘንዶ ገድሎ የተከበረ አምላክ ሆነ፤ እስከ ዛሬም መቅደሶች አሉት። በሺንቶ አስተምህሮ አንድ ካሚ ሁለት ገጽታ አለው፤ አራሚታማ የሚባለው ኃይለኛና ሸካራ፣ ኒጊሚታማ የሚባለው ደግሞ የለዘበና የተረጋጋ ነው። በኢሴ ታላቅ መቅደስ ለአማቴራሱ ኃይለኛ ገጽታ ብቻ የቆመ የራሱ መቅደስ አለ። ሸካራው ገጽታ የሌላ ባዕድ ፍጡር አይደለም፤ የሚባረር ሳይሆን በሥርዓትና በአክብሮት የሚለዝብ የዚያው አካል ኃይል ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ትምህርት እንዲቀበል አይጠየቅም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለ መናፍስት የሚያምነው የራሱ ትምህርት አለው። ሆኖም ባይፖላር ላለበት ሰው ትልቅ ትርጉም ያለው አንድ ነገር እዚህ ውስጥ አለ፤ ይኸውም በማንያ ጊዜ የሚጮኸውም፣ በድብርት ጊዜ የሚያለቅሰውም፣ በመካከሉ ሥራውን በትጋት የሚሠራውም ያው አንድ ሰው መሆኑ ነው። በውስጡ ሌላ ፍጡር ገብቶ ተናገረ ሲባል የኖረ ሰው ሕመሙ ሲለቅቀው ያ ባዕድ መቼ ይመለስ ይሆን እያለ ይሰጋል፤ ሕመሙ የራሱ ሥጋና አእምሮ ጠባይ መሆኑን የተረዳ ሰው ግን ምልክቶቹን ሊማርና ቀድሞ ሊጠነቀቅ ይችላል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የሺንቶ ድግግሞሽ ነው። ታላቁ የመንጻት ሥርዓት፣ ጸሎቱ በ927 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው የኤንጊሺኪ መዝገብ ውስጥ የሰፈረው ኦሃራዬ፣ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በጁን 30ና በዲሴምበር 31 ይደረጋል። በዚህ ሥርዓት የነጻ ሰው ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መንጻት ማስፈለጉ የመጀመሪያው መንጻት እንደ ከሸፈ አያስቆጥርም፤ መኖር ራሱ አቧራ ያለብሳልና። የኢሴ መቅደስ እንኳ በየ20 ዓመቱ ፈርሶ በአዲስ እንጨት ይሠራል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ግንባታ 62ኛው ነበር።

ይህ ግን ፏፏቴው ባይፖላርን ያድናል ማለት አይደለም፤ የጃፓንም ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል። ከኪዮቶ በስተሰሜን በምትገኘው በኢዋኩራ፣ ዳይዩንጂ በተባለው የቡድሂስቶች ገዳም አካባቢ፣ የአእምሮ ሕሙማን በፏፏቴው ሥር እየቆሙ፣ በመንደሩ ቤቶች እየተስተናገዱ ለዘመናት ኖረዋል። እንዲህ ያሉ ስፍራዎች በአገሪቱ ብዙ ነበሩ። ከእነዚህ ውጭ ግን፣ በ1900 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ቤተሰብ ሕመምተኛውን በቤቱ እንዲያስር ይፈቅድ ነበር። የጃፓን የሥነ አእምሮ ሕክምና አባት የሚባለው ኩሬ ሹዞ ከ1910 እስከ 1916 እ.ኤ.አ. ረዳቶቹን ወደ 15 አውራጃዎች ልኮ ካስጠና በኋላ በ1918 እ.ኤ.አ. ከካሺዳ ጎሮ ጋር ያሳተመው ዘገባ፣ በጠባብ የእንጨት ክፍሎች የተዘጋባቸውን ሰዎች ሁኔታ ከነፎቶግራፉ ለሕዝብ አጋለጠ፤ በዚያው ዘገባ በቤተ መቅደሶች የሚሰጠውን የፏፏቴ ሕክምናም መረመረ። በቤት ማሰርን የፈቀደው ሕግ የተሻረው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ጃፓናዊ የባይፖላር ሕመምተኛ ወደ መቅደስ ቢሄድም ሊቲየም የተባለውን መድኃኒቱን ከሆስፒታል ይወስዳል።

የድግግሞሹ ትምህርት ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ጥምቀት በየዓመቱ ጥር 11 ይከበራል፤ ማንም ግን ያለፈው ዓመት ጥምቀት አልሠራም ስለተባለ እንደገና ይከበራል አይልም። ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዕለት በሚዘንበው ዝናብ ሕፃን አዋቂው ይጠመቃል፤ ዓመቱን በውኃ ዘግቶ ወደ አዲሱ ይሻገራል፤ በቀጣዩ ዓመትም ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ ባይፖላር ላለበት አማኝ የሚያስፈልገው እምነቱን መተው አይደለም፤ ጸበሉን እንደ መጨረሻ ውጊያ ማየቱን ትቶ እንደ ጥምቀትና እንደ ሩፋኤል፣ በየጊዜው እንደሚመለስ የሕይወቱ ሥርዓት ቢይዘው ይበቃዋል። ያኔ ሕመሙ ሲመለስ የሚመለስበት ስፍራ ይኖረዋል፤ ተመለሰ ተብሎ አይፈረድበትም።

የዘመኑ ሳይንስም በራሱ መንገድ ወደዚሁ ሐሳብ ደርሷል። በአሜሪካ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ኤለን ፍራንክ ከባልደረቦቿ ጋር ያዳበረችው፣ ውጤቱም በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ሕመምተኛው ከአልጋ የሚነሣበትን፣ ከመጀመሪያው ሰው ጋር የሚነጋገርበትን፣ ሥራ የሚጀምርበትን፣ የሚመገብበትንና የሚተኛበትን ሰዓት በየቀኑ እንዲመዘግብና እንዲያጸና ያስተምራል፤ ምክንያቱም የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት ሲዛነፍ፣ በተለይም እንቅልፍ ሲጎድል፣ ማንያ ይቀሰቀሳል። ፒትስበርግ ላይ በመዝገብ የሚያጸኑት ይህ ሥርዓት በቂርቆስ ሰፈር ለሚኖር ሰው በከፊል ተሠርቶ ተቀምጦለታል፤ ንጋት ላይ ኪዳን አድርሶ የሚመለስ፣ የስግደት ሰዓቱን የሚጠብቅ፣ ጠዋት ከጎረቤት ቡና የሚጠጣ፣ በወር አንድ ቀን ማኅበር ያለው ሰው ሳያውቀው የዚህን ሕክምና ግማሽ እየተከተለ ነው። ሌሊቱን በሥራ ወይም በጭፈራ፣ ቀኑን በጫት የሚያሳልፈው ግን፣ ጫት ራሱ አነቃቂ በመሆኑ፣ ሁለት አደጋ በአንድነት ይሸከማል።

ሃይማኖታዊው ሕይወትም የራሱ አደጋ አለው፤ በቅንነት መነገር ያለበትም ይህ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ማኅሌት፣ አዳር ጸሎት፣ እንቅልፍ የሌለበት ሱባኤ ለጤነኛው በረከት ሲሆን፣ ባይፖላር ላለበት ሰው ማንያን የሚቀሰቅስ ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፍ በማጣት የመጣው ሞቅታም በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንፈሳዊ ተመስጦ ይመስላል። ጾምም እንዲሁ ነው። በሞሮኮ በካዛብላንካ ሐኪሞች በረመዳን ወር የተከታተሏቸው 20 የባይፖላር ሕሙማን፣ መድኃኒታቸው በደማቸው ውስጥ ሳይጎድል፣ ግማሽ ገደማቸው በጾሙ ወቅት አገርሽቶባቸዋል፤ አጥኚዎቹ ምክንያት አድርገው የጠረጠሩት የመኝታና የመመገቢያ ሰዓት መለዋወጡን ነው። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያሳርፋል፤ ቁርኣንም ለታመመ ሰው ይፈቅዳል። ስለዚህ የንስሐ አባትም ኢማምም ለዚህ ሰው ሌሊት ተኛ ሲሉት ሃይማኖቱን እያቀለሉ አይደለም፤ ሃይማኖቱ የሰጣቸውን ሥልጣን በቦታው እያዋሉ ነው።

በሊቲየም ላይ ጥንቃቄው ይጠብቃል። ሊቲየም በ1949 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ለማንያ እንደሚጠቅም ያሳወቀው፣ እስከ ዛሬም ማንያና ድብርት እንዳይመለሱ በመከላከልና ራስን የማጥፋት አደጋን በመቀነስ ቀዳሚ ሆኖ የቆየ፣ ከጨው ጋር ተቀራራቢ ጠባይ ያለው ቀላል ማዕድን ነው። የሚጠቅመው መጠንና የሚመርዘው መጠን ተቀራራቢ ናቸው፤ በደም ውስጥ በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከ1.5 ካለፈ መርዝነቱ መታየት ይጀምራል። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ሊቲየሙን ይዞ ስለሚያስቀር መጠኑ ይጨምራል። ስለዚህ ጸበል በብዛት ጠጥቶ የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው፣ ወይም ውኃ ሳይቀምስ ረጅም ጊዜ የሚጾም፣ ወይም ጨው የሚተው ሰው፣ ሊቲየም እየወሰደ ከሆነ፣ እጁ በኃይል ሲንቀጠቀጥ፣ እርምጃው ሲንገዳገድ፣ ንግግሩ ሲተሳሰር፣ ይህ የርኩስ መንፈስ ጩኸት ሳይሆን ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬድ መመረዝ ሊሆን ይችላል። በጃፓን በኦይታ አውራጃ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በመጠጥ ውኃቸው ውስጥ ጥቂት ሊቲየም በሚገኝባቸው ከተሞች ራስን ማጥፋት አነስ ብሎ መታየቱን ቢገልጽም፣ በውኃ ውስጥ ያለው መጠን ከሕክምናው መጠን እጅግ ያነሰ ስለሆነ የማንኛውም ምንጭ ውኃ የመድኃኒቱ ምትክ አይሆንም።

የደም ምርመራው በሁሉም ቦታ ስለማይገኝ በኢትዮጵያ ሐኪሞች ሶዲየም ቫልፕሮዬት፣ ካርባማዜፒን፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒንና ሃሎፔሪዶልም ያዛሉ። ቫልፕሮዬት በማኅፀን ያለን ፅንስ ስለሚጎዳ ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት ሐኪሟን ሳታማክር ልትጀምረው አይገባም፤ እንዲሁም የድብርት መድኃኒት ብቻውን፣ ያለ ስሜት ማረጋጊያ፣ ባይፖላር ላለበት ሰው ሲሰጥ ወደ ማንያ ሊገፋው ይችላል።

ሕክምናው የሚገኝበት ቦታ ለረጅም ጊዜ አንድ ብቻ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስለቆየ፣ «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገር ራሱ ሰውን ለዘላለም የሚፈርጅ ሆኖ ኖሯል። በ1987 እ.ኤ.አ. የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና በአገር ውስጥ ሲጀመር፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ሲጀምር አገልግሎቱ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዳረሰ፤ በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በጉራጌ ምድር በተካሄደና በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ ጥናት ደግሞ፣ ባይፖላርን ጨምሮ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ መደበኛ ባለሙያዎች ሲታከሙ ያገኙት ውጤት በሥነ አእምሮ ነርስ ከታከሙት ያነሰ እንዳልሆነ ታይቷል። ሕክምና በማይደርስበት ቦታ የሚተካው ሰንሰለት እንደሆነም በዚያው በጉራጌ ምድር በምትገኘው በሶዶ ወረዳ የተደረገ ሌላ ጥናት አሳይቷል፤ ልጆቻቸውን ያሰሩ ወላጆች ያሰሩት ጠልተዋቸው ሳይሆን ሌላ መንገድ አጥተው መሆኑን በዕንባ ተናግረዋል።

ቤተ ክርስቲያንና ሕክምና መጣላት እንደሌለባቸው ኢትዮጵያ በኤች አይ ቪ አስቀድማ አይታዋለች። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የተጠለሉ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እየተዉ በነበረበት ወቅት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስታወቁ። በአእምሮ ሕመምም ሥራው ተጀምሯል፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት በአንድ የጸበል ስፍራ አብረው ሕሙማንን የረዱበት ክሊኒክ ተሞክሮ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህን የመሰለ ትብብር በየጸበሉ ስፍራ ቢስፋፋ ሌላ ሆስፒታል ከመገንባት ቀድሞ ለብዙ ሰው ይደርስ ነበር።

የመስቀል ፍላወርና የካዛንቺስ አካባቢ በዚህ ጉዳይ አዲስ ፈተና ገጥሞታል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበትኗል። የባይፖላር ማገርሸት ቀድሞ የሚታወቀው በሐኪም ሳይሆን ሰውየውን ለዓመታት በሚያውቅ ሰው ነው፤ ከወትሮው ቀድሞ መነሣቱን፣ ንግግሩ መፍጠኑን፣ ከሱቅ ያለልክ መበደሩን የምታስተውለው ቡና አጣጭ ጎረቤት ናት። ዕድሩና ማኅበሩ ሲበተን፣ ክትትሉም ካለበት ሆስፒታል ሁለትና ሦስት ታክሲ የሚያስይዝ ርቀት ሲመጣ፣ የሕመምተኛው ጠባቂዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሳሳሉ። በዚህ ሁኔታ ያለ ቤተሰብ አዲሱ መኖሪያው አቅራቢያ የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ፈልጎ የሕክምና መረጃውን ማዛወር፣ ለአዲሱ ጎረቤትና ለአዲሱ የንስሐ አባትም ነገሩን ሳያፍር መንገር አለበት።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ አጥማቂ ካህን፣ ሰባኪ ወይም ኢማም ቢኖር፣ እንቅልፍ አጥቶ የሚናገር ወይም በዝምታ የሰጠመ ሰው ወደ እርሱ ሲመጣ አስቀድሞ «መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቀው፤ የሚወስድ ከሆነ በጸበሉ ሰሞን ሳያቋርጥ ይዞት እንዲመጣ፣ ሌሊትም እንዲተኛ ይዘዘው፤ ስለ መሞት የሚናገር ከሆነም ለነገ ሳያሳድር ከቤተሰቡ ጋር በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይላከው።